የወለተ ሩፋኤል አሥራ አንድ ገጾች

በሠላሳ ሦስት ዓመት የቤተ መጻሕፍት ሥራዬ ምላጭ ይዤ መጽሐፍ የቆረጥኩት አንድ ቀን ብቻ ነው። ጡረታ ስወጣ ባልደረቦቼ ጋቢ አለበሱኝ፤ ወጣቱ አለቃችንም ተነሥቶ እትዬ ዝናሽ ከመደርደሪያችን አንዲት ገጽ ሳያጎድሉ ያስረከቡን እናታችን ናቸው ሲል ሰው ሁሉ አጨበጨበ። እኔ በጋቢው ጫፍ አፌን ይዤ አለቀስኩ። የደስታ መስሏቸው አብረውኝ ያለቀሱ አሉ። ደስታ አልነበረም። አሥራ አንድ ገጽ ጎድሏል፤ ያጎደልኩትም እኔው ነኝ። እዚያ ሰው ፊት ቆሜ ልናገረው አልቻልኩም። አሁን ቤቴ ተቀምጫለሁ፣ የሚቆጣኝ አለቃ የለብኝም፣ ልንገራችሁ።

ደብረ ታቦር ተወልጄ ያደግሁ የልብስ ሰፊ ልጅ ነኝ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል እንደጨረስኩ የተቀጠርኩት ሁለት ክፍል ባላት፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ከጣሪያዋ ሽንቁር ሥር ባልዲ በምንደቅንባት ትንሽ ቤተ መጻሕፍት ነበር። አለቃዬ ጋሽ ይርዳው ይባላሉ። በልጅነታቸው ቅኔ ቤት የቆዩ፣ ኋላ ወደ አስኳላው የዞሩ፣ ቀጭን፣ ቁጡ ሰው ነበሩ። እጃቸውን ሳይታጠቡ መጽሐፍ አይነኩም። አዲስ መጽሐፍ ሲመጣ እንደ ማንኛችንም ከመካከሉ ገንጥለው አይከፍቱትም፤ ጀርባውን ጠረጴዛ ላይ አስተኝተው፣ ከፊት ጥቂት ገጽ፣ ከኋላ ጥቂት ገጽ እያሉ፣ በአውራ ጣታቸው እያሹ ቀስ ብለው ወደ መካከል ይመጡበታል። አለዚያ ወገቡ ይሰበራል ይሉ ነበር። መጽሐፍ ላይ በእስክሪብቶ መጻፍ ነውር ነው፣ ምላጭማ ከቶ አይነሣም። አንድ ተማሪ የካርታ ገጽ ቆርጦ ሲወስድ ያዙት። አልመቱትም፣ አልከሰሱትም። ያችኑ ካርታ በእጁ ስሎ እስኪጨርስ ሦስት ቀን አመላለሱት።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ጥያቄያቸው ነበር። መጽሐፍ ፈልጎ ለመጣ ሰው ዝም ብለው አይሰጡም። ማን ነህ፣ ከየት መጣህ፣ ለምን ፈለግኸው ይላሉ። ሰው ተሰልፎ እሳቸው ወግ ይዘዋል። አንድ ቀን አልቻልኩምና ፖሊስ ነዎት እንዴ አልኳቸው። ሕመምሽን ሳይጠይቅ መድኃኒት ከሚሰጥሽ ሰው ትወስጃለሽ ወይ ብለው መለሱልኝ።

አንድ ጊዜ አንድ ጎልማሳ የቤተሰብ ሕግ መጽሐፍ ስጡኝ ብሎ መጣ። በጥያቄ ሲያዋክቡት ሚስቱን ባዶ እጇን ሊያስወጣት ማሰቡ ታወቀ። መጽሐፉን አልከለከሉትም። አጠገቡ ተቀምጠው ስለ ንብረት ክፍፍል የሚለውን ክፍል ሁለት ጊዜ አነበቡለት። ሰውዬው ባርኔጣውን ደፍቶ፣ እግዜር ይስጥልኝ እንኳ ሳይል ወጣ። እኔ በሳቅ ሞትኩ። እሳቸው ግን አልሳቁም። ሳልጠይቀው ሰጥቼው ቢሆን በእኔ መጽሐፍ ነበር የሚያስወጣት አሉኝ። ይህን ነገር ያኔ ልብ ብዬው ቢሆን ምናለ!

ከዚያ ሐሙሲት አንድ ትምህርት ቤት ተዛውሬ ስድስት ዓመት መጽሐፍ አዋስኩ። በክረምት ኮርስ ዲፕሎማ፣ ቀጥሎ ዲግሪ ያዝኩ፤ ዩኒቨርሲቲ ሲመጣ ወደ ትውልድ ከተማዬ ተመለስኩ። ደሞዙን ተዉት። አለቆቹም ይፈራረቁ ነበር፤ አንዱ መደርደሪያውን በቀለም ወረቀት ለዩ ይላል፣ ተከታዩ ወረቀቱን ፋቁ ይላል። እኔ ዝም ብዬ እለጥፋለሁ፣ ዝም ብዬ እፍቃለሁ።

አንድ ዓመት ላይ ከደቡብ አገር የመጣች ወጣት መምህርት የሥርዓተ ፆታ ኮርስ ልታስተምር ተመደበችና ለሴቶች ጥናት የሚሆን ምን እንዳለን ጠየቀችኝ። ወስጄ አሳየኋት። ግማሽ መደርደሪያ ነው። በእርዳታ የመጡ የእንግሊዝኛ መጻሕፍት፣ ስለ ሩቅ አገር ሴቶች። አገላበጠቻቸውና የዚህ አገር ሴቶችስ አለችኝ። አፈርኩ። እንግዳ መጥቶ ቤቴ የሚጠጣ ውኃ የታጣ መሰለኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራዬ እሱ ሆነ። ቀስ በቀስ የተረዳሁት ነገር ቢኖር የእኛ ሴቶች ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ሞልተዋል፣ ብቻ «ሴት» በሚለው ቃል ሥር አይገኙም። ተማሪ መጥታ ኮምፒዩተሩ ላይ «ሴት» ብላ ጽፋ ምንም የለም ስትለኝ፣ ነይ አጠገቤ ተቀመጪ እላታለሁ። ስለ አረም የተሠራውን የግብርና ጥናት አውጪ፤ ማሳው ላይ ጎንበስ ብሎ የሚያርመው ማን ነው? ስለ ምንጭ ግንባታ የተጻፈውን ሪፖርት አውጪ፤ ውኃውን የሚሸከመው ማን ነው? የመሬት ክርክር በይ፣ የእህል ገበያ በይ፣ ልቅሶ በይ፣ ወባ በይ። ከእያንዳንዱ ሥር አንዲት ሴት ትወጣለች። እነዚህን መፈለጊያ ቃላት ሁሉ በአንድ ትልቅ ደብተር በእርሳስ መዘገብኳቸው። ከኢንተርኔት የሚወርደውን ጽሑፍ ጠዋት ተማሪው መስመሩን ሳያጨናንቀው አወርድና በፍላሽ አስቀምጥላቸዋለሁ። አማካሪዎቻቸው ሳይቀሩ መጀመሪያ እትዬ ዝናሽን ጠይቁ እያሉ ይልኩብኝ ጀመር።

ኮምፒዩተሩ ደግሞ ሌላ ጉድ ነበረው። ከውጭ የመጣው ፕሮግራም የደራሲን የመጨረሻ ስም ያስቀድማል። የእኛ የመጨረሻ ስም የአባት ወይም የአያት ነው። እናም ጥናቱን የሠራችው ሴት ቀርታ አያቷ ደራሲ ሆነው ቁጭ ይላሉ፤ ብዙዎቹ ፊደል ያልቆጠሩ ገበሬዎች ነበሩ፣ ነፍሳቸውን ይማር። አንድ በአንድ እያረምኩ ሴቶቹን ወደ ቦታቸው መለስኳቸው። ስለ ስም እኔ የማላውቀው የለም ብዬ አስብ ነበር። ትዕቢት ነው እንግዲህ።

ትዕግስት የመጣችው በዚያ ሰሞን ነው። የሐሙሲት ልጅ፣ መምህርት፣ በአማርኛ ክፍል ሁለተኛ ዲግሪዋን የምትሠራ። ጥናቷ በልጅነታቸው ተጠልፈው ስለተዳሩ እናቶች ነበር። ሁለት በጋ ወደ እብናት ገጠር እየተመላለሰች ሰባት ሴቶችን አነጋገረች። ሌላ ሰው ያልሰማውን ነገሯት። እሷም ቃላቸውን ሳታሳምር፣ ሳትቆርጥ፣ እንደወረደ ጻፈችው።

ያስቸገራት የስሙ ነገር ነው። አማካሪዋ እውነተኛ ስማቸው እንዳይጻፍ፣ መረጃ ሰጪ አንድ፣ መረጃ ሰጪ ሁለት እየተባሉ በቁጥር እንዲቀመጡ አዘዟት። ይህን ለሴቶቹ ስትነግራቸው ተቀየሟት። አንዷማ በግ ነኝ ወይ የምትቆጥሪኝ ብላ ተቆጣቻት። ልጅቷ ጨንቋት እኔ ዘንድ መጣች። እኔም ብልህ ነኝ አይደል! በአገራችን የክርስትና ስም ለባዕድ አይነገርም፤ መተት ይሠራበታል ተብሎ ይፈራል፣ የቅርብ ጎረቤት እንኳ ሳያውቀው ይኖራል። ስለዚህ በክርስትና ስማቸው ጻፊያቸው፤ የራሳቸው ስም ነው፣ ማንም ግን አያውቀውም አልኳት። ሴቶቹ ደስ አላቸው። ያቺ የተቆጣችው ሴት፣ እግዜር የሚያውቀኝ በእሱ ነው፣ በእሱ ጻፊኝ አለች አሉ። የክርስትና ስሟ ወለተ ሩፋኤል ነው። ይህን ስሟን እዚህ እንድጽፍ የፈቀደልኝ ሰው አለ፣ በኋላ አመጣዋለሁ። የዓለም ስሟን ግን አልጽፈውም።

ጥናቱ በጣም ጥሩ ውጤት አገኘ። በሦስት ቅጂ ተጠረዘ፤ አንዱ ለእኔ መደርደሪያ፣ አንዱ ለትምህርት ክፍሉ፣ አንዱ ለትዕግስት። እንደ ደንቡም ኢንተርኔት ላይ ተጫነ። ጀርባው ላይ «በሠራተኛ ፈቃድ የሚነበብ» የሚል ምልክት የለጠፍኩበት እኔ ነኝ። ፈቃጇም እኔው። ያን መደርደሪያ በወር ሁለት ሰው ቢጎበኘው ነው። አንባቢ ተርቤ ነበር፣ እውነቱን ልናገር።

በዓመቱ አንድ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ አንድ ልጅ መጣ። ነጠላውን ያጣፋ፣ አንገቱን የሰበረ፣ ገና አንደኛ ዓመት። ዲያቆን እንደሆነ ያስታውቃል። ስሙን ልተወው፣ ዲያቆኑ እያልኩ ልጥራው። ስለ እብናት የተጻፈ ነገር አለ ወይ ብሎ በትሕትና ጠየቀኝ። ጋሽ ይርዳው ቢሆኑ፣ ማን ነህ፣ ከየትኛው አጥቢያ ነህ፣ ለምን ፈለግኸው ይሉት ነበር። እኔ ግን ደስታዬ ቀደመኝ። ከመደርደሪያው መዝዤ፣ እንካ፣ የአገርህ እናቶች እዚህ ውስጥ አሉ፣ እንዲህ ያለ ጥናት የትም አታገኝም ብዬ በእጁ አስያዝኩት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እኔ ያፈሰስኩት የሚለቀም አልነበረም።

መስኮቱ አጠገብ ተቀምጦ ሲያነብ ከጠረጴዛዬ ሆኜ አየዋለሁ። አቀርቅሮ ቀረ። ቀና አይልም፣ አይንቀሳቀስም። አቤት ማንበብ እያልኩ ከልቤ ተደሰትኩ። ሌሎቹን ተማሪዎች በዓይኔ እየጠራሁ፣ እዩ እንዲህ ነው የሚነበብ ማለት አማረኝ። ቆየና ዘጋው። በሁለት እጁ ይዞ አመጣልኝ። ፊቱ አመድ መስሎ ነበር፤ እኔ ድካም መሰለኝ።

«እትዬ፣ ይህን ስንት ሰው አንብቦታል?» አለኝ።

እኔ ሞኝ፣ አንባቢ ማነሱ ያሳዘነው መሰለኝና ላጽናናው ፈለግሁ። እዚህ ጥቂት ሰው ነው፣ ግን ኢንተርኔት ላይ ስላለ ዓለም ሁሉ ሊያነበው ይችላል አልኩት። እግዜር ይስጥልኝ ብሎ፣ እጅ ነሥቶ ወጣ። ከዚያ ወዲያ ግቢው ውስጥ አላየሁትም።

በሦስተኛው ሳምንት ጥበቃው አንዲት የገጠር ሴት ትፈልግዎታለች ብሎ ጠራኝ። ወጣሁ። አቧራ የለበሰች፣ ቀጭን ሴት በሩ ሥር ተቀምጣለች። በዕድሜ ከእኔ እንደምታንስ ኋላ ገባኝ፤ ፊቷ ግን ታላቄ ነበር። ተነሥታ እጅ ነሣችኝና፣ የእኔ ቃል ያለበት መጽሐፍ እዚህ ነው ወይ አለችኝ። ማን ነሽ ማለት አላስፈለገኝም።

ቢሮዬ አስገብቼ ውኃ ሰጠኋት። አልጠጣችም። የሆነውን ነገረችኝ። ዲያቆኑ የበኩር ልጇ ነው። በየወሩ የጸሎት ስም ዝርዝር ለቄሱ የሚጽፈው እሱ ነው፣ የክርስትና ስሟን ከልጅነቱ ጀምሮ በእጁ ሲጽፈው ኖሯል። ጥናቱ ላይ ስሙን ሲያይ ደነገጠ፤ ከወንዝ ስትመለስ የተጠለፈችበትን መንገድ፣ ስታመልጥ የተሰበረ ጣቷን ሲያነብ እናቱ መሆኗን አወቀ። ቤት መጥቶ አንድ ነገር ብቻ ተናገረ። ስወለድ «ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ» ብለሻል አላት። ሌላ አልጨመረም። ከዚያ ቀን ወዲህ ለእሷ መልስ የሚሰጣት በአንድ ቃል ነው፤ ትምህርቱንም ትቶ ከአባቱ ጋር ማረስ ጀመረ። አባቱን ደግሞ ቀና ብሎ አያየውም።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። የክርስትና ስም ከባዕድ ይሸሽጋል፤ ለቤተኛ ግን የአደባባይ ስም ነው። እነዚያን ሴቶች የሚያስፈራቸው መቼ ባዕድ ሆነና? የሚፈሩት ቤተኛውን ነበር። እኔ ከጅብ ልደብቃቸው ብዬ ቤት ውስጥ ቆለፍኩባቸው፣ ጅቡ ግን እቤት ነበር። ልጁን ጅብ ማለቴ አይደለም፤ እሱም ቆስሏል።

«ዝም አይነቅዝም ብዬ ሃያ ዓመት ይዤው ነበር» አለችኝ። «ልጅቱ ሴት ናት፣ ይገባታል ብዬ ነገርኳት። አሁን ቃሌን እሳት አግቡልኝ።»

ሐሙሲት ደወልኩ። ትዕግስት በማግስቱ የራሷን ቅጂ አቅፋ በሚኒባስ መጣች። ስታለቅስ አለቀሰች፣ እምቢ ግን አላለችም። ስልኳ ላይ የቀዳችውን የሴትዮዋን ድምፅ እዚያው ፊታችን አጠፋችው። ኢንተርኔት ላይ ያለውን የኮምፒዩተር ክፍሉ ሠራተኛ አጠፋልን፤ የትምህርት ክፍሉን ቅጂ ለማረም ብዬ ተዋስኩ። ዋሸሁ። ሴትዮዋ በዚያች ሌሊት እኔ ቤት ነበር ያደረችው፤ ሌላ የምታውቀው ሰው በከተማው አልነበራትም።

ሦስቱን ቅጂ ጠረጴዛዬ ላይ ደረደርኩ። ከገጽ ሃምሳ ስድስት እስከ ስልሳ ስድስት። ምላጩን አነሣሁና መልሼ አስቀመጥኩት። ያን ጊዜ ሴትዮዋ መዳፏን ገጹ ላይ አሳርፋ ቆየችና፣ ከመቃጠሉ በፊት አንዴ አንብቡልኝ፣ ያልኩትን ልስማው አለችኝ።

አነበብኩላት። አሥራ አንዱንም ገጽ፣ ጮክ ብዬ። በየመካከሉ አዎ፣ እንዲያ ነው ያልኩት ትላለች። ልጁ የተናገረው ቃል ያለው ገጽ ስልሳ አንድ ግርጌ ላይ ነበር። ገጹን ገልጬ ስልሳ ሁለትን ሳነብላት ግን ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጎተተች። ጨርሼ ዝም ስል፣ እንግዲያ ይህን አላነበበውም ማለት ነው አለች። አላነበበውም። እዚያች የገጽ ግርጌ ላይ ነው የዘጋው። ይህችን አንዲት ገጽ ላስቀምጥለት፣ ልላክለት፣ ኧረ እባክሽ ብዬ ለመንኳት።

«የለም» አለችኝ። «በወረቀት አይወቀው። ይጠይቀኝ። ከጠየቀኝ እነግረዋለሁ። ሳይጠይቀኝ ግን አልለማመጥም፣ እርስዎም አይንገሩት።»

ቃል ገባሁ። ከዚያ ምላጩን አነሣሁ። ጥናቱ በአንድ ፊት የታተመ ስለነበር ከየቅጂው አሥራ አንድ ቅጠል ወጣ። ከአትክልት ቦታው ጀርባ የደረቀ ቅጠል በሚቃጠልበት ጉድጓድ በቀን ብርሃን አቃጠልነው። ወረቀቱ አመድ እስኪሆን ቆማ አየችና ወደ እብናት አውቶቡስ ሸኘኋት። ስትሳፈር አልረገመችኝም፣ አልመረቀችኝም።

ይህን የተናዘዝኩት ለአንድ ሰው ብቻ ነው። ጋሽ ይርዳው ያኔ ዓይናቸው ጠፍቶ ልጃቸው ቤት ይጦሩ ነበር። እሑድ እሑድ እየሄድኩ አነብላቸዋለሁ፤ መጽሐፉን እኔ ብይዘውም እሳቸው አስቀድመው እጃቸውን ይታጠባሉ። ሁሉንም ነገርኳቸው።

«ልጁን ለምን እንደፈለገው ጠይቀሽው ነበር?» አሉኝ በመጨረሻ።

አልጠየቅሁትም አልኩ። ምላጩን እግዜር ይቅር ይልሻል አሉ። ስለ ሌላው ምንም አላሉኝም። በዚያው ዓመት ዐረፉ፣ እኔም ሁለተኛ አላነሣሁባቸውም።

ሥራዬን አልተውኩም። ግን ለጥናት ወደ ገጠር የሚወጡትን ልጆች ሁሉ እያስቀመጥኩ አንድ ነገር አስለምዳቸው ጀመር። ስምሽ ማን ተብሎ ይጻፍ ብለሽ አትጠይቂ፤ ይህን ማን እንዳያነበው ትፈልጊያለሽ ብለሽ ጠይቂ። መልሱ ሁልጊዜ የቤት ሰው ነው። አንዷ አማቴ ትላለች፣ ሌላዋ ልጄ ትላለች። እሱን ታሽጎ በሚቀመጥ ፖስታ ጽፌ አያይዛለሁ፤ መጽሐፉን ፈልጎ የሚመጣውንም በጥያቄ አዋክበዋለሁ። ተማሪዎቹ መርማሪዋ ይሉኝ ነበር አሉ። ይበሉኝ።

ከእብናት የሚመጣ ሰው ባገኘሁ ቁጥር ስለ እሷ እጠይቃለሁ። ደኅና ናት ይሉኛል። ልጇስ? ከእሷው ጋር ነው፣ አልተለያትም፣ ጭምት ሆኗል ይሉኛል። ጠይቋት ይሆን እያልኩ እተኛለሁ። ሄጄ ጠይቃት ብለው ቃሌን ማፍረስ ይሆንብኛል፣ ዝም ስል ደግሞ ያንገበግበኛል። በዚህ መካከል መንገዱም ለብዙ ጊዜ ተዘጋጋ። ጡረታ በወጣሁ በዓመቱ፣ ሆዷን ታማ ቆይታ ዐርፋለች የሚል ወሬ ደረሰኝ። ለቀብሯ አልደረስኩም። ለአርባዋ ሄድኩ።

ቤተ ክርስቲያኑ በሕዝብ ተሞልቷል። ከሴቶቹ መካከል ቆምኩ። ካህናቱ ጸሎቱን ሲያደርሱ አንድ ዲያቆን በጠራ ድምፅ ስሟን ጠራ። ነፍሰ አመትከ ወለተ ሩፋኤል። ጎረቤቱ፣ ባሏ፣ ሕፃኑ ሳይቀር ሁሉም ይሰማል። ማንም አያውቀውም ያልኩት ስም ያ ነው። የሚጠራውም ያ ልጅ ነበር፣ አሁን ጢም አውጥቷል። እኔ ነጠላዬን ነክሼ ቆምኩ።

ዝክሩ ሲያበቃ ፈልጎ መጣ። ወዲያው ነበር ያወቀኝ። ከቅጥሩ ጥግ ድንጋይ ላይ ተቀመጥን።

«እትዬ፣ ያ መጽሐፍ አለ?» አለኝ።

የእናትህ ክፍል የለም፣ በፈቃዷ አቃጥለነዋል አልኩት። አንገቱን ደፋ። ያን ዕለት እስከ መጨረሻ አላነበብኩትም፣ አንድ ቦታ ላይ ዘጋሁት፣ ከዚያ በኋላ ምን ብላ ነበር አለኝ። ይህን ጊዜ አልቸኮልኩም። ከዓመታት በፊት ልጠይቀው የሚገባኝን ጠየቅሁት። ለምን ፈለግኸው አልኩት።

«ጠልታኝ እንደነበር እያሰብኩ ነው ያስታመምኳት» አለኝ። «ስድስት ወር ሙሉ አገላበጥኳት፣ አጠብኳት። አንድ ቀን እጄን ይዛ የምትጠይቀኝ ነገር የለም ወይ አለችኝ። የለም አልኳት። የምትለኝን ፈርቼ ነው።»

ወይ እኔ። ጠይቀኝ ብላው ኖሯል። ይጠይቀኝ ብላ የማለችው ሴት በመጨረሻ ለመነችው።

አሁን ጠይቋል። ዘግይቷል፣ ግን ጠይቋል፤ ቃሌም እስከዚህ ነበር። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል እያልኩ ለስንት ተማሪ ስሰብክ ኖሬ፣ እነሆ ጽሑፉ ተቃጥሎ የቀረው እኔ ጋ ያለው ቃል ብቻ ሆነ። በማስታወስ የማልታመን ሰው ነኝ፤ ሁሉን በእርሳስ ጽፌ የኖርኩ ነኝ። ያቺን ገጽ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ስነሣ ለራሴ እላት ነበር፣ እንዳትጠፋ። ገጽ ስልሳ ሁለት ብዬ ጀመርኩለት።

«በአርባ ቀኑ ክርስትና ሲነሣ ውኃው በረደው። እየተንቀጠቀጠ፣ እሪ እያለ አምጥተው ክንዴ ላይ አስቀመጡት። ነጠላዬን ገልጬ ደረቴ ላይ ለጠፍኩት። ዝም አለ። ያን ጊዜ አየሁት። አንተም እንደኔ ሳትጠየቅ ነው የመጣኸው አልኩት። ሁለታችንም ሳንጠየቅ የመጣን ነን፣ እንግዲህ እኔና አንተ ነን አልኩት። ከዚያ ወዲህ ከዚያ ቤት ለማምለጥ አልሞከርኩም።»

ዝም አለ ይሁን ተኛ ይሁን ያለችው፣ እሷን አንዲት ቃል እጠራጠራለሁ አልኩት። ሌላው የእሷ ነው። ነጠላውን ፊቱ ላይ ጣለ። ስሟን አልደብቅም፣ ሰው ከጠየቀዎት ይንገሩ አለኝ ቆይቶ። ከቦርሳዬ እርሳስና ወረቀት አውጥቼ፣ እንካ ጻፈው፣ እኔም አርጅቻለሁ፣ ይጠፋብሃል አልኩት። ወረቀቱን ተቀብሎ ጭኑ ላይ አስቀመጠው፣ አልጻፈበትም።

«እትዬ፣ አንዴ ይድገሙልኝ» አለኝ።

ደገምኩለት።